የተለበሰ አይመዘንም

ባሬክ ዕድሜዋን ሙሉ የመርከብ ሰው ነበረች። ከሱራባያ ወደብ ወደ ትውልድ ደሴቷ አዶናራ ስትሄድም ስትመለስም፣ ዕቃሽ ስንት ይመዝናል ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። መርከብ ሆደ ሰፊ ነው። ፍራሽ ተሸክመህ ግባ፣ የልብስ ስፌት መኪና ተሸክመህ ግባ፣ እግሯን ያሰርካትን ዶሮ ብብትህ ሥር ሸጉጠህ ግባ፤ ቦታ ብታጣ ደረጃ ሥር አንጥፈህ ትተኛለህ እንጂ ይህን ጣል፣ ያንን ተው የሚልህ የለም። እኛ የምሥራቅ ደሴቶች ሰዎች ሻንጣ የመግዛት ልማድ የሌለን ለዚህ ይመስለኛል። ካርቶን፣ ማዳበሪያና ገመድ ካለን ይበቃናል።

ወደ ሱራባያ የመጣችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ያመጣት አጎቷ ሰው ቤት ልጅ ጠባቂነት አስገባት። ቆይታ የአገሯን ልጅ፣ አንድ የወደብ ተሸካሚ አገባች፤ እሱንም ከክሬን የወደቀ ጭነት ገደለው። ልጅ አልቀረላትም። ከዚያ ወዲህ ወደቡ አጠገብ ባለች የጭነት ሠራተኞች ምግብ ቤት ወጥ ቤት ናት፤ አሳ ትጠብሳለች፣ ሩዝ ትቀቅላለች፣ ቃሪያ በድንጋይ ትፈጫለች። ቁጡ ናት። ሩዝ አስተርፎ የሚነሳ ጎረምሳ ካየች፣ "የማን ጌታ ልጅ ነህ? ቁጭ በልና ጨርስ" ትለዋለች፤ እሱም ቁጭ ብሎ ይጨርሳል። በዚያ ከተማ ያሉ የአገሯ ልጆች በሙሉ "ማማ ባሬክ" እያሉ የሚመጡት ሆዳቸው ስለራባቸው ብቻ አይደለም። የሚቆጣቸው ሰው ስለሌላቸውም ነው።

እና አገር ቤት ልትሄድ ስትል ሁሉም ይሰማል። ሁሉም ከሰማ ደግሞ አደራው ይመጣል። በእኛ ዘንድ ቲቲፕ የምትባል ቃል አለች፤ አደራ እንደማለት ናት፣ ግን ከአደራ ሰፋ ትላለች። "ለእናቴ ሰላም በዪልኝ" ማለትም ቲቲፕ ነው፣ "ይህን ጫማ ለልጄ ስጪልኝ" ማለትም ቲቲፕ ነው። ሰላምታ ኪሎ የለውም፣ ጫማ አለው፤ ቃሏ ግን ይህን አትለይም። ስለዚህ ዕቃውን አልወስድም ያለ ሰው ሰላምታ እንደነፈገ ነው የሚቆጠረው። ባሬክ በሕይወቷ አንድም አደራ መልሳ አታውቅም። ለምን ትመልስ፣ መርከቡ የአባቷ ያህል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወጥ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። የእህቷ የቲካ ባል ሱባን ነበር።

"ባሬክ፣ ቲካ አረፈች።"

ባሬክ ማማሰያውን ይዛ ቆመች። ቲካ ታላቋ ናት። መታመሟን ታውቃለች፣ ግን እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ሱባን ስታለቅስ ጠበቃትና መባል ያለበትን አለ።

"አስከሬኑን እንዳይበላሽ መርፌ አስወግተናል፣ ከቅዳሜ ግን አያልፍም። ጨርቁ አንቺ ዘንድ ነው።"

"እኔ ዘንድ ነው።"

"ኮፖንግ አይመጣም አይደል?"

"በምን ይመጣል ሱባን?"

ኮፖንግ ወንድማቸው ነው። ባሕር ማዶ፣ በሰው አገር ሳባህ ውስጥ የዘንባባ እርሻ ላይ ይሠራል፤ ወረቀት የለውም፣ ከወጣ አይመለስም፣ ከተያዘም ይታሰራል። እናትና አባት ካለፉ ቆይቷል። ከቲካ የአባት ቤት መንገድ መሄድ የሚችል የቀረው ባሬክ ብቻ ናት።

ያገቡ ሴት ልጆቻችን ሲሞቱ ሳጥኑ ዝም ብሎ አይዘጋም። የአባቷ ቤት ሰዎች መገነዣውን ጨርቅ ይዘው እስኪመጡ ይጠበቃል፤ እነሱ ያለብሷታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ምስማር የሚመታው። ካልመጡ የባል ወገን ከራሱ ጨርቅ ያለብሳታል። ያኔ ግን "ሰው አልነበራትም" ይባላል፤ ይህም ከእሷ አልፎ በልጆቿና በልጅ ልጆቿ ላይ፣ ጠብ በተነሳ ቁጥር የሚወረወር ስድብ ሆኖ ይቀራል። የቲካን ጨርቅ የሸመነችው እናታቸው ናት። ጥጡን ራሷ ፈትላ፣ ከዛፍ ሥር በወጣ ቀለም ደጋግማ ነክራ፣ ዓመታት የወሰደባት ቀይ ወፍራም ሽርጥ ነው። ይከብዳል። እናትየው ስትሞት፣ ቤቱ ያፈስ ስለነበር ባሬክ ሱራባያ ወስዳ በላስቲክ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

ያ ጨርቅ በእነ ባሬክ ቤት አንድ ሕግ ነበረው። የሕያው ሰው ገላ ማወቅ የለበትም። እናታቸው ልኩን ስትወስድ እንኳ በገመድ ለካች እንጂ ወገቧ ላይ አላደረገችውም። አንድ ጊዜ ትኩስ ገላ ከለበሰው የዚያ ሰው ነው ትል ነበር። ሟች በእሱ ተጠቅልሎ ከሄደ፣ እዚያኛው ደጅ ሲደርስ የሚጠሩት በለባሹ ስም ነው። ስሙ ስላልሆነ አቤት አይልም። አቤት ካላለ ደጁ አይከፈትለትም። ቄሳችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ እሳቸውም የእኛው ልጅ ናቸውና ከዚያ አልፈው አይናገሩም።

መርከቡ ረቡዕ ሄዷል። የሚቀጥለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ልጅ በስልኳ ለአዶናራ ቅርብ ወደሆነችው ማውሜሬ የሚሄድ የቅዳሜ ጠዋት አውሮፕላን ትኬት ቆረጠችላት፤ ከሁሉም ርካሹን።

"እትዬ፣ ይሄኛው ሻንጣ የለውም። በእጅ ሰባት ኪሎ ብቻ ነው።"

"ሰባት ኪሎ ምኑ?"

"ሁሉም ነገር።"

ባሬክ ልጅቷ የተሳሳተች መሰላት። ሰባት ኪሎ ለእሷ ስኳሩ ብቻ ነው።

አርብ ዕለት ሰዎች ሊያጽናኗት መጡ። ቁጭ ይላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ቲካን የሚያውቅ ስለ ቲካ ያወራል፣ ከዚያ ሊነሱ ሲሉ ከጉያቸው አንድ ነገር ያወጣሉ። "ካልከበደሽ ማማ።" የልጅ የቁርባን ጫማ፣ የወተት ቆርቆሮ፣ ስልክ፣ የአያት መነጽር። ነውር አይደለም፤ ሐዘንም ቢሆን መንገድ መንገድ ነው። መጨረሻ ላይ የመጣችው ዶሮቴያ ነበረች፤ ቤት ሠራተኛ ናት፣ የባሬክ መንደር ልጅ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

"የልጄ የኤልቪ ነው" አለች። "አስሙ በርትቶባታል። ሐኪሙ ይሄን ግዙላት አለ፤ መድኃኒቱን እየበተነ በአፍንጫ የሚሰጥ ማሽን ነው። ሰሞኑን እናቴ በስልክ ትንፋሿን አሰማችኝ። ማማ ባሬክ፣ በዚህ ሐዘንሽ ላይ…"

"አምጪው" አለች ባሬክ። "ዓይንሽን ጥረጊና አምጪው።"

ቅዳሜ ገና ሲነጋ አየር ማረፊያ ደረሰች። ትልቅ ቦርሳ በሁለት እጇ አንጠልጥላ፣ ሁሉም ነገር እሱ ውስጥ፣ ጨርቁ ከሥር። ሰልፉ ላይ ከፊቷ የቆመችው ሴት ሙቀቱን ረስታ ሁለት ጃኬት ደርባለች። በጃኬቱ ሥር ካናቴራ በካናቴራ ላይ፣ ሱሪ በሱሪ ላይ። ክንዷ ወደ ጎኗ አልወርድ ብሏት ከሰውነቷ ርቆ ቆሟል።

"ምነው ልጄ፣ ላይ ብርድ አለ እንዴ?" አለቻት ባሬክ።

ሴትየዋ መላ ሰውነቷን አዙራ አየቻት። ኤርሊንዳ ትባላለች፤ የማውሜሬ ልብስ ነጋዴ ናት።

"ብርዱ ሚዛኑ ላይ ነው ማማ። የተለበሰ አይመዘንም። እኔ አሁን ሱቅ ነኝ፤ ማውሜሬ ስደርስ ነው ሰው የምሆነው።" ከዚያ የባሬክን ቦርሳ አየች። "እሱን ለምን እንደዚያ ትይዥዋለሽ? ከሩቅ ከባድ ነኝ ይላል። ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው። ፈገግ በይ። ባዶ እንደያዘ ሰው ሁኚ።"

"እህቴ ሞታ ነው የምሄደው።"

ኤርሊንዳ የባሬክን ክንድ ነካ አደረገች።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ። እንግዲያው ፈገግ አትበይ። ትከሻሽን ብቻ ቀና አድርጊው።"

ባሬክ ትከሻዋን ቀና አደረገች። ገመዱ ሥጋዋን እየቆረጠ፣ ላቧ ጀርባዋ ላይ እየወረደ፣ ባዶ እንደያዘ ሰው ቆመች። ሊሳካላትም ነበር። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ፣ ደረቱ ላይ ዊስኑ የሚል ስም ለጥፏል፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም። መታወቂያዋን አየ፣ ወረቀቱን አተመ፣ ሊሰጣት እጁን ዘረጋ። ቦርሳዋን ቀና ብሎም አላየው። ከዚያ በቀን መቶ ጊዜ የሚላትን፣ መልሷን የማይጠብቃትን ጥያቄ ጠየቀ።

"የሌላ ሰው ዕቃ አልያዙም አይደል እናቴ?"

ይህችን ጥያቄ ዓለም በሙሉ "አልያዝኩም" ይላታል። ኤርሊንዳ ብዙ ነገር ስታስተምራት ይህን ረስታለች፤ ማን ያስታውሳል እንዲህ ያለውን? ባሬክ ደግሞ የሰማችው ሌላ ነው። ደህና ሰው ነሽ ወይ፣ ሰው ያምንሻል ወይ ያላት መሰላት። በሐዘኗ መሀል ትንሽ ደስ አላት።

"ኧረ ይዣለሁ ልጄ" አለች። "የኔማ ምን አለኝ፤ የሰዉ ነው የሚበዛው። ሁሉም አደራ ነው።"

አልፋ ጎን ላይ የምትጠብቃት ኤርሊንዳ ዓይኗን ጨፈነች።

ዊስኑ እጁን መለሰ። ከኋላው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አለቃ ቆሟል፤ እሱም ሰምቷል። "መክፈት ሊኖርብን ነው" አለ ዊስኑ ቀስ ብሎ። "ሚዛኑ ላይ ያድርጉልኝ።"

ሚዛኑ አሥራ አንድ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ሳስበው ያናድደኛል። የሰው ልጅ ዕቃውን በሰው ፊት ሲፈታ ማየት ደስ የማይል ነገር ነው፤ የሌላ ሰው አደራ ሲፈታ ደግሞ ይብሳል። ሰዎቹ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በፕላስተር አጥብቀው፣ ስም ጽፈው የሰጧትን ሁሉ ጓንት ያደረገች ፈታሽ ቀደደችው። የቁርባን ጫማው ካልሲው ውስጥ ከረሜላ ተሸጉጦበት ተገኘ። አንዱ ለሚስቱ የላከው የውስጥ ልብስ ባንኮኒው ላይ ተዘረጋ፤ ሰልፉ ላይ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ባሬክ በእጇ ልትሸፍነው ሞከረች። ፈታሿ ምንም የሚያስፈራ ነገር አላገኘችም። ኪሎው ግን ተገኝቷል፤ የተገኘ ኪሎ ደግሞ አይረሳም።

"ትርፉን መክፈል ይችላሉ" አለ ዊስኑ፣ ዋጋውንም ነገራት። ከትኬቱ ይበልጣል። ከፍላ ብትሄድ ከማውሜሬ ወደ ላራንቱካ ወደብ በምን ትሳፈራለች፣ ለጀልባውስ ምን ከፍላ ትሻገራለች?

"አልችልም ልጄ።"

"እንግዲያው መቀነስ አለብን።"

ባሬክ ከራሷ ጀመረች። ነጠላ ጫማዋንና ለለቅሶው የጋገረችውን ኬክ አውጥታ ተወች። ቅያሪ ቀሚሷን በለበሰችው ላይ ደረበች። መነጽሩንና ስልኩን ኪሷ ከተተች። ኤርሊንዳ እየተነጫነጨች የቁርባን ጫማውን ጃኬቷ ውስጥ ወሸቀች፣ የወተቱን ቆርቆሮ ሌላኛው ጃኬት ውስጥ፤ ሰውየው ለሚስቱ የላከውን የውስጥ ልብስም በሱሪዋ ላይ አጠለቀችው። "ይኸው፣ አሁን ደግሞ የሰው ባል ሚስት ሆንኩ" አለች፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። ቦርሳው ውስጥ ማሽኑና ጨርቁ ብቻ ቀሩ። ከነቦርሳው ሚዛኑ አሁንም ሊያሳልፋት አልቻለም።

"ያን ልበሺዋ" አለች ኤርሊንዳ ወደ ላስቲኩ እያመለከተች። "ሽርጥ አይደል እንዴ? ሰባት ኪሎ ውስጥ ገባሽ።"

"አይለበስም።"

"ጨርቅ ነው ማማ።"

"የእህቴ መገነዣ ነው።"

ኤርሊንዳ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። እሷም የጎረቤት ደሴት የፍሎረስ ልጅ ናት፤ ብዙ መስማት አያስፈልጋትም። ዊስኑ የሌላ ደሴት ሰው፣ ጃቫዊ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀና አለ።

"በእጄ ልያዘው" አለችው ባሬክ። "አቅፌው ልሂድ። ወንበር ላይ አላስቀምጠውም፣ መሬትም አላስነካውም።"

"በእጅ ያለ ዕቃ ነው እናቴ። ይመዘናል።"

"ትከሻዬ ላይ ባደርገውስ?"

"ታጥፎ ከሆነ ዕቃ ነው።"

"ራሴ ላይ?"

ዊስኑ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ኋላ አየ። ባለ ነጭ ሸሚዙ አለቃ አልተንቀሳቀሰም። "ከተለበሰ ልብስ ነው" አለ ዊስኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ካልተለበሰ ዕቃ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው የሚለው። እኔ አይደለሁም።"

እንዲህ ያለ ደንብ የጻፈ ሰው የት አገር ነው የሚቀመጠው? እናቱን የቀበረ ሰው ይሆን?

ባሬክ ማሽኑን አነሳች። ከጨርቁ ብዙም አይቀልም። ከባንኮኒው ጎን የተተዉ ነገሮች የሚጣሉበት ትልቅ ገንዳ አለ፤ ውስጡ የሽቶ ጠርሙስ፣ ጃንጥላና ያልተከፈተ የውሃ ላስቲክ ይታያል። ማሽኑን ይዛ ወደዚያ ሁለት ሦስት ዕርምጃ ሄደች። ዶሮቴያ በስልክ የሰማችውን ትንፋሽ እሷ አልሰማችውም፣ ግን ኤልቪን ታውቃታለች፤ ስትሮጥ ቆም ብላ ጉልበቷን የምትይዝ ልጅ ናት። ቲካ ሞታለች። ኤልቪ አልሞተችም። ይህን ሲያስቡት ቀላል ይመስላል፤ ባሬክ ግን እህቷን በገዛ እጇ ለሁለተኛ ጊዜ የገደለቻት ያህል ተሰማት። ማሽኑን መልሳ ቦርሳው ውስጥ አስገባችውና ላስቲኩን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች።

ኤርሊንዳ ተከትላት ገባች። "በልብስሽ ላይ አድርጊው" አለቻት። "ገላሽን አይንካው። ሁለት ቀሚስ አለሽ አይደል? በእነሱ ላይ። ገላ ካልነካው ለብሰሽዋል አይባልም።"

"ይባላል?"

"አይባልም" አለች ኤርሊንዳ፤ ፊቷን ግን ወደ መስታወቱ አዞረች።

ባሬክ ጨርቁን ፈታች። ከእናቷ ሞት ወዲህ ተዘርግቶ አይታው አታውቅም። ቀለሙ ምንም አልደበዘዘም። ወገቧ ላይ ጠቀለለችው። ሲወጡ ዊስኑ ባዶውን ቦርሳና ማሽኑን መዝኖ አሳለፋት። "ያምርብዎታል" ሊል አፉን ከፍቶ ነበር መሰለኝ፤ ደግነቱ ዘጋው።

አውሮፕላኑ ውስጥ እንደደረሰች ልታወልቀው አስባ ነበር። ወንበሩ ጠባብ፣ ሰው በሰው ላይ፤ አስተናጋጇ መጥታ የወገብ ቀበቶዋን በዚያ ጨርቅ ላይ አጥብቃ አሰረችላት። መጸዳጃ ቤቱ ስትደርስ ሰልፍ፣ ተራዋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ተናወጠና ተቀመጡ ተባለ። ላቧ ከመጀመሪያው ቀሚስ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ጨርቁ ሲያልፍ ታወቃት። ጉልበቷ ላይ ጨርቁ የጉልበቷን ቅርጽ ይዟል። አንዴም አላለቀሰችም። "ይቅር በይኝ እማዬ" ብቻ ትላለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው የበረራ ፍርሃት መስሎት ከረሜላ ሰጣት።

ማውሜሬ ላይ ኤርሊንዳ ጫማውንና ቆርቆሮውን ከየጉያዋ አውጥታ፣ የውስጥ ልብሱንም አውልቃ መለሰችላት። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ደርሳ ተሳፈረች፤ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ተቀምጠው ስለነበር እዚያም ማውለቅ አልቻለችም። ጀልባው ላይ የባሕሩ ውሃ ሊረጫት ሲል ጨርቁን በእጇ ሸፈነችው። አዶናራ ስትደርስ ፀሐይ ማዘንበል ጀምራለች። ከመውረጃው ፈቀቅ ብሎ ኮኮናት ሥር ቆማ አወለቀችውና ድሮ እናቷ ያጠፈችበትን መስመር እየፈለገች መልሳ አጠፈችው። መስመሩ አልገጠመላትም።

የለቅሶው ሰው ከሩቅ ሲያያት ዋይታው ጨመረ። "መጡ፣ የአባቷ ቤት መጡ" አለ አንድ ሰው፤ የመጣችው አንዲት ሴት ብትሆንም እንዲያ ነው የሚባለው። ሱባን ወጥቶ እጇን ያዘ። ዓይኑ አብጧል። "አውቄ ነበር እንደምትደርሺ" አላት። ሳጥኑ መሀል ቤት ላይ ክፍት ነው። ቲካ ከስታ፣ አገጯ በነጭ ጨርቅ ታስሯል።

ጨርቁን የሚቀበሉት ኢና ፓላን ናቸው፤ የሱባን አክስት፣ ሁሉም ኢና፣ እማማ እንደማለት፣ የሚላቸው፣ ከዚያ ወገን የቀሩት ትልቋ ሴት። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉትና ደረታቸው ላይ አደረጉት። አሮጊቷ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ።

"ይሞቃል" አሉ።

"መንገዱ ፀሐይ ነው ኢና።"

ኢና ፓላን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ መጠየቅ ያለባቸውን፣ በሁሉም ሰው ፊት፣ ከፍ ባለ ድምፅ ጠየቁ።

"ይህ ጨርቅ ገላ ያውቃል?"

የቲካ ልጆች ከግድግዳው ጋር ተደግፈው ቆመዋል። የሱባን ወንድሞች በሩ ላይ ናቸው። ሌላ ጨርቅ፣ የሱባን ወገን ያዘጋጀው፣ ምናልባት ካልመጣች ተብሎ ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ባሬክ አየችው። ጠዋት እውነቱን ስትናገር የሆነውን አሰበች።

"አያውቅም" አለች።

አሮጊቷ ጨርቁን መለሱላት። ባሬክ እህቷን አለበሰቻት፤ ከእግሯ ጀምራ፣ ሳትቸኩል፣ እያስተካከለች። ሲያልቅ ግንባሯን እንደምትስም ጎንበስ አለችና አፏን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ቲካ፣ ስሚኝ። ለብሼዋለሁ። መላ አጥቼ ነው። እዚያ ስትደርሺ ባሬክ ብለው ከጠሩ አንቺን ነው። አቤት በይ። ስሜ አይደለም ብለሽ እንዳትከራከሪ፤ አንቺ ክርክር ትወጃለሽ። ብቻ አቤት በይና ግቢ። የኔን ነገር ተይው።"

ምስማሩ ተመታ። ከመቃብር ሲመለሱ መሽቶ አልነበረም። የዶሮቴያ እናት መጥታ ማሽኑን ተቀበለች፣ እጇን ሳመቻት፣ ኤልቪም ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና አየቻት። ባሬክ የልጅቷን ራስ ዳበሰችና ጓሮ ሄዳ የሙዝ ተክል ሥር ተቀመጠች። ጣቶቿን ታሻሽ ነበር።

ከቤት ውስጥ ሱባን ምግብ ሊሰጣት ፈልጎ ተጣራ።

"ባሬክ።"

አቤት ልትል አፏን ከፈተች። ቲካ እዚያ ደርሳ ይሆን ወይስ ገና መንገድ ላይ ናት? ምናልባት አሁን ነው የሚጠሯት፣ ይህችው ደቂቃ ናት። እሷ እዚህ ቀድማ አቤት ብትል፣ ያች እዚያ ደጅ ላይ ቆማ ብትቀርስ?

"ባሬክ። ባሬክ። የት ሄደች?"

አፏን በእጇ ያዘች።

"ተዋት" ሲሉ ኢና ፓላን ተሰሙ። "ሐዘን ጆሮዋን ደፍኖታል።"

የቲካ ትንሿ ልጅ ግን በጓሮ በኩል ዞራ መጣችና በሐዘን በተሰበረ ድምፅ "አክስቴ" አለቻት። ለእሷ ወዲያው መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ ሱራባያ ተመልሳም፣ ወደቡ ላይ "ማማ ባሬክ" እያለ ሳህኑን የሚዘረጋውን ሁሉ ፊቷን አዙራ ዝም ትለዋለች። "ማማ ብቻ በሉኝ፤ እኔን የሚጠራ በዚህ ይጥራኝ" ትላለች፤ ስሟን ምን እንዳደረገችው የጠየቃት የለም።